ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችና የዱር እንስሳት ጥበቃ በኢትዮጵያ

ለትርፍ ያልተቋቋሙ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅቶች ከአባላት መዋጮና ከለጋሾች በሚያገኙት ገንዘብ ብርቅዬ እንስሳትንና መኖሪያ አካባቢያቸውን ከጥፋት ለመታደግ የሚንቀሳቀሱ ተቋማት ናቸው። ፓርክ የመከለልም ሆነ ሕግ የማስከበር ሥልጣን የላቸውም፤ ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው። ድርጅቶቹ የሚሠሩት ከፌዴራል ወይም ከክልል መንግሥታት ጋር በሚፈራረሙት ስምምነት መሠረት ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያበረክቱት ጥናት፣ የባለሙያ ድጋፍ፣ ሥልጠናና ቁሳቁስ ነው።

በሀገራችን በዚህ ዘርፍ ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት ለአዕዋፍ ጥበቃ ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ሥፍራዎች ለይቶ አውጥቷል። ከእነዚህም መካከል ከብሔራዊ ፓርክ ክልል ውጪ የሚገኙ በርካታ ረግረጋማ ቦታዎችና ደኖች ይገኙበታል።

የድርጅቶቹ ሥራ ፋይዳ ጎልቶ የሚታየው ግን በባሌ ተራሮች ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ በዋናነት አይጦችንና ፍልፈሎችን እያደነ የሚኖር እንስሳ ነው። በአሁኑ ወቅት የቀሩት ወደ 500 የሚገመቱ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ይኖራሉ። የተቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ደጋማ ሥፍራዎች በጥቂት በጥቂቱ ተበታትነው ይገኛሉ።

የቀይ ቀበሮን ሕልውና በእጅጉ የሚፈታተነው አዳኝ ሳይሆን ከብት ጠባቂ ውሻ ነው። ከውሾች ወደ ቀበሮዎች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1992 በባሌ ከፍተኛ እልቂት አድርሷል። ይህን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተቋቋመ። ፕሮግራሙ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ጥበቃ የምርምር ክፍል ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን ከዋነኛ ደጋፊዎቹ አንዱ ነው። ፕሮግራሙ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ከመከተቡም በላይ፣ ከአካባቢው ነዋሪዎች የተመለመሉ ተቆጣጣሪዎች በፈረስና በእግር እየተዘዋወሩ የቀበሮ መንጋዎችን ይከታተላሉ።

በሽታው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በወይብ ሸለቆ ዳግም ሲቀሰቀስ፣ በሥፍራው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ቀድሞ ሞት የታየውም በተቆጣጣሪዎቹ ክትትል ነበር። በዚያን ጊዜ የዱር ቀበሮን ይዞ መከተብ ያልተለመደና አከራካሪ ጉዳይ ቢሆንም፣ በመንግሥት ፈቃድ ሰባ ያህል ቀበሮዎች እየተያዙ ተከተቡ። ክትባቱ የተሰጠው ለሁሉም አልነበረም። ሸለቆውን ከሌሎች መንጋዎች ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች የሚኖሩት ተመርጠው በመከተባቸው የበሽታው ሥርጭት ሊገታ ችሏል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ይሁንና በሽታው ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተከስቷል፤ ካናይን ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሾች በሽታም እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ጉዳት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት የሚበተን፣ በአፍ የሚወሰድ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በባሌ ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። ይህም ቀበሮዎቹን በወጥመድ መያዝን አስቀርቷል።

በመንዝ ጓሳ የሚታየው ተሞክሮ ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ ጥበቃውን የጀመረው ድርጅት ሳይሆን ራሱ ሕዝቡ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ይህ ቦታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ባህላዊ ሥርዓት ሲተዳደር እንደኖረ ይነገራል። በሥርዓቱ መሠረት የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚታጨደው ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በጋራ ውሳኔ ሲከፈት ብቻ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቄሮን የርስት መሠረት ቢያፈርሰውም ነዋሪው በምትኩ ሌላ የጋራ አስተዳደር አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጥሏል። የአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2008 ለቦታው የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራነት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። በባሌም የሚሠራው የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ በጓሳ ያደረገው ድጋፍ በነባሩ ሥርዓት ላይ የታከለ እንጂ የተካው አይደለም።

የነዋሪው ጉዳይ እልባት ሳያገኝ ሲቀር ምን እንደሚከተል በነጭ ሣር ታይቷል። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 የነጭ ሣርን፣ ቀጥሎም የኦሞን ብሔራዊ ፓርክ ለማስተዳደር ቢዋዋልም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱንም ትቶ ወጥቷል። ድርጅቱ በምክንያትነት ያቀረበው በፓርኮቹ ውስጥ ያለው የነዋሪዎች የመሬት አጠቃቀም ከጥበቃው ጋር ሊጣጣም አለመቻሉን ነው። የጉጂና የኮሬ ማኅበረሰቦች የመሬት ጥያቄ ከውሉ በፊትም የነበረ በመሆኑ፣ ጉዳዩ በውል ብቻ የሚፈታ አልነበረም።

ለጉምሩክና ለፖሊስ ባልደረቦች ቅርብ የሆነው ደግሞ ቦርን ፍሪ በመናገሻ አካባቢ ያቋቋመው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ነው። ከሕገወጥ አዘዋዋሪዎች የተያዙ ወይም በግለሰቦች እጅ የተገኙ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ሌሎች እንስሳት በማዕከሉ እንክብካቤ ይደረግላቸዋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚወጡት የአቦሸማኔ ግልገሎች ንግድ የማዕከሉን አስፈላጊነት አጉልቶታል።

ሕጉን በሚመለከት፣ በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የጥበቃ ሥፍራዎች በፌዴራል መንግሥት፣ በክልሎች፣ በባለሀብቶችና በአካባቢ ማኅበረሰቦች የሚተዳደሩበትን መንገድ ከፍቷል። የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ተቋቁሟል። በሌላ በኩል በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ሥር የወጣው መመሪያ ድርጅቶች ለአስተዳደር የሚያወጡት ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ ደመወዝንና የትራንስፖርት ወጪን ከአስተዳደር ወጪ ይቆጥር ነበር። ዋና ሥራቸው ተቆጣጣሪ መቅጠርና በተራራ መመላለስ ለሆነ ድርጅቶች ይህ አቆጣጠር ከባድ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ በቀጥታ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዙ ወጪዎች ከዚህ ስሌት ውጪ ተደርገዋል።