የዋግ ኽምራ ሕዝብ ቁጥርና ስብጥር እንዴት ይለወጣል?

የአንድ አካባቢ ሕዝብ ቁጥር የሚለወጠው በልደት፣ በሞትና በፍልሰት ነው። የብሔረሰብ ስብጥሩን ግን ነዋሪዎች በቆጠራ ወቅት ስለ ማንነታቸው የሚሰጡት ምላሽም ይወስነዋል።

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በዋናነት አገውና አማራ ይኖራሉ። በሰቆጣ ገበያ ኽምጣናና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ብዙዎች ሁለቱንም ስለሚናገሩ ማንነትን በቋንቋ ብቻ መለየት አይቻልም።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 275 ሺህ ገደማ የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ከ426 ሺህ በላይ ሆኗል። ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረው ቀጣዩ አገር አቀፍ ቆጠራ ተራዝሟል። በመሆኑም የእርዳታ እህል፣ ማዳበሪያና ትምህርት ቤት የሚታቀዱት በትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ ልደትንና ሞትን ይገምታል እንጂ፣ ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ የሚያፈናቅለውን ሰው አስቀድሞ ሊቆጥር አይችልም።