የሴቶች ቍጥር በአዲስ አበባና በሶማሌ ክልል

ሦስተኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቈጠራ በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲደረግ፥ የሶማሌና የአፋር ክልሎች በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተቈጠሩ። በአዲስ አበባ 1,434,164 ሴቶችና 1,305,387 ወንዶች ተመዘገቡ፤ ይኸውም ለ100 ሴቶች 91 ወንዶች ማለት ነው። ልጃገረዶች ሥራና ትምህርት ፈልገው፥ አንዳንዶቹም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ሸሽተው ከገጠር ወደ ከተማዪቱ ስለሚገቡ ይህ አያስደንቅም።

በሶማሌ ክልል ግን የተጻፉት 1,972,729 ሴቶችና 2,472,490 ወንዶች ናቸው፤ ለ100 ሴቶች 125 ወንዶች መሆኑ ነው። በተፈጥሮ ለ100 ሴት ሕፃናት የሚወለዱት ወንዶች 105 ያህል ስለ ሆኑ፥ ይህን የሚያህል ልዩነት ከልደት ብቻ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ መርማሪው በመዝገቡ ያልታየችው ልጅ በእውነት የለችምን፥ ወይስ ሳትነገር ቀርታ ይሆን? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ያልተቈጠረች ልጅ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲታቀድ አትታሰብምና።