ኩሬው በደቦ ይቆፈራል፤ ዓሣውንስ ማን ይቀልበዋል?

ኢሉባቦር የውሃ አገር ነው። ሶርም ገባም ወርደው ወርደው ባሮ ይገባሉ። ታዲያ ኖፓ ላይ በየጓሮው የዓሣ ኩሬ ቢኖርስ? ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የአገራችን የዓሣ ታሪክ የሚያስጠነቅቀን አንድ ነገር አለ፤ ውሃና ዓሣ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ዋናው ጥያቄ ሥራውን ማን ይሠራል፣ ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

ጣና ምን አስተማረን?

ጣና ላይ ለዘመናት በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ዓሣውን ሌላው ሰው ይበላል፤ አጥማጆቹን ግን «ጉማሬ ይበላሉ» እያለ ያገላቸው ነበር። ሙያ ነበራቸው፣ ክብር ግን አልነበራቸውም።

በ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) በኔዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሐይቁ ላይ ገባ። ማኅበር ተቋቋመ፤ ዓሣ ማጥመድም ወጣቶች የሚፈልጉት የገቢ ምንጭ ሆነ። ችግሩ ከዚያ መጣ። ላቤኦባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሏቸው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ደግሞ እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የሚያዘው መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆለቆለ። ሥራው አደገ፤ ሥራውን የሚያቆየው ዓሣ ግን ተመናመነ።

ኩሬ መፍትሔ ነው?

ዓሣ ማርባት ከሐይቁ ላይ ጫና ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የሰበታ ምርምር ማዕከልም የዓሣ ጫጩት እያራባ ለግድቦችና ለኩሬዎች ሲያሰራጭ ቆይቷል። ግን ኩሬ የራሱ ጣጣ አለው። ቆሮሶን ውሰዱ፦ ኩሬ ውስጥ ገና በትንሽነቱ ይራባል። ዝም ከተባለ ኩሬው በጣት በሚያካክሉ ዓሦች ይሞላና አንዱም ሳያድግ ይቀራል። ስለዚህ ወንዱን ከሴቷ የሚለይ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ቆሮሶ ሙቀትም ይወዳል፤ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ በጣም ይዘገያል። ደጋው ላይ ጠብቆ መሸጥ ትዕግሥት ይጠይቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኖፓ እንመለስ። ኩሬ መቆፈር ከባድ ቢሆንም የአንድ ሰሞን ሥራ ነው፤ ጎረቤት በደቦ ይጨርሰዋል። መመገብ፣ ውሃ መቀየር፣ ከወፍ መጠበቅ ግን የየዕለት ሥራ ነው፤ ለዚህ ደቦ አይጠራም። ቡና ሲደርስ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ያኔ ዓሣው የሚተወው ለማን ነው? ብዙ ጊዜ ለእናትና ለልጆች። ሽያጩ በአባወራው እጅ ብቻ ከገባ ደግሞ ልፋቱ የእነሱ፣ ብሩ የሌላ ይሆናል። እንዲህ ያለ ኩሬ በሁለተኛው ዓመት የእንቁራሪት ቤት ቢሆን ምን ይገርማል?

ስለዚህ አካፋ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገር መቁጠር ይሻላል፦ የየዕለቱን የሥራ ሰዓት፣ ሥራው የሚወድቅበትን ሰው፣ ከሽያጩ ለዚያ ሰው የሚደርሰውን ብር። ጣና ላይ የተቆጠረው የተያዘው ዓሣ ነበር። ኖፓ ላይ ሰዉንም አብረን እንቁጠር።