አምባሳደር ወይስ አበባ ያዥ?

ከመካከላችን አንዷ ስምንተኛ ክፍል እያለች «የሕፃናት ድምፅ አምባሳደር» ሆና ተመርጣ ነበር። ምርጫው እንዴት እንደተካሄደ ብትጠይቋት መልሷ አጭር ነው፤ መምህርቷ «አንቺ ድምፅሽ ያምራል፣ ነዪ» አሏት፣ ሄደች። ሰኔ 9 ቀን፣ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሲከበር፣ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አርማ ያለበት ሰፊ ቲሸርት አለበሷት። አንድ ገጽ ወረቀት ሰጧትና እንግዶቹ ፊት አቆሟት። ወረቀቱ «እኛ የነገ አገር ተረካቢዎች» ብሎ ይጀምርና ለጋሾችን አመስግኖ ያበቃል። እሷ መናገር የፈለገችው ግን ሌላ ነበር። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት በሩ አይዘጋም፣ ውኃም የለውም፤ በዚህ ምክንያት በየወሩ ጥቂት ቀን ከትምህርት የሚቀሩ ጓደኞች ነበሯት። ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የተሰጣትን አነበበች፣ ተጨበጨበላት፣ ሚሪንዳና ብስኩቷን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ትምህርት ቤቱን ለቅቃ እስክትወጣ ድረስ በሩ አልተሠራም።

ሁላችንም ማለት ይቻላል ይህን የመሰለ ታሪክ አለን፤ ወይ አንብበናል፣ ወይ አበባ ይዘናል፣ ወይ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን አጨብጭበናል። ለመሆኑ ይህ «አምባሳደር» የሚባል ነገር ከየት መጣ? ልጅ በራሱ አንደበት እንዲናገርስ መቼ ተፈቀደለት? እስኪ አብረን ወደ ኋላ እንሂድ። (ከሰኔ 9 በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ኮከቦቹ መጡ

ዩኒሴፍ በ1946 ሲቋቋም ሥራው በጦርነት ለተጎዱ ሕፃናት መድረስ ነበር። በ1954 ዳኒ ኬይ የተባለውን አሜሪካዊ ኮሜዲያንና የፊልም ተዋናይ የመጀመሪያው አምባሳደሩ አድርጎ ሾመው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሕፃናቱን የሚያውቃቸው የለም፣ ኬይን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለዚህ እሱ ይናገርላቸው። ዘዴው ሠራ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ኦድሪ ሄፕበርን በ1988 ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ እኛው አገር ነበር፤ መቀሌ ድረስ ሄዳ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ጎብኝታለች። እሷም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ኔዘርላንድስ ውስጥ በረሃብ ያለፈች ልጅ ስለነበረች የምትናገረውን ታውቀዋለች።

ቅንነታቸውን አንጠራጠርም። ሆኖም በዚያ ዘመን ሕፃኑ የሚታይ እንጂ የሚሰማ አልነበረም። ለዚህ ከእኛ አገር የተሻለ ምስክር የለም። በ1984ቱ ረሃብ ልትሞት ነው ተብላ የተቀረጸችው የትግራይ ሕፃን ብርሃን ወልዱ ምስሏ በሐምሌ 1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ለዓለም ታየ። ብዙ ሰው አለቀሰ፣ ብዙ ገንዘብም ተሰበሰበ። ሕፃኗ ግን ተርፋ አደገች፤ በሐምሌ 2005 በላይቭ 8 ኮንሰርት ለንደን መድረክ ላይ ወጥታ ከማዶና ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ቆመች። ፊቷ በላይቭ ኤይድ ለዓለም ከታየ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ስለ ረሃብ፣ ስለ እርዳታ፣ ስለ አፍሪካ ስንቱ ሲናገር እሷን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ስንት ሰው ነው?

ከዚያ ሕግ መጣ

ነገሩን የቀየረው ኅዳር 20 ቀን 1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው። አንቀጽ 12 አንድ ሕፃን የራሱን ሐሳብ መፍጠር ከቻለ፣ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን በነፃነት የመግለጽ መብት አለው ይላል፤ ለሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል። «ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ!» እየተባለ ላደገ ልጅ ይህ ትንሽ አብዮት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በግንቦት 1991፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። ከዚያ በፊት በሐምሌ 1990 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር አጽድቋል፤ ያጸደቀውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ሕጉ ሲመጣ ማስመሰሉም አብሮ መጣ። ሮጀር ሃርት የተባለ ተመራማሪ በ1992 ለዩኒሴፍ ባሳተመው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል መሰለው። የታችኞቹን ሦስቱን ጭራሽ ተሳትፎ ብሎ አልቆጠራቸውም። አንደኛው ልጁን ለአዋቂ ዓላማ መጠቀሚያ ማድረግ፣ ሁለተኛው ጌጥ ማድረግ፣ ሦስተኛው የይስሙላ ውክልና ነው። ጓደኛችን ይህን ስታነብ «እኔማ ሦስቱንም በአንድ ቀን ጨርሻቸዋለሁ» አለች።

በግንቦት 2002 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በልጆች ጉዳይ ልዩ ስብሰባ አደረገ። ከ400 በላይ ልጆች ከየአገሩ ኒውዮርክ ተሰበሰቡ፤ ከመሪዎቹ ቀደም ብለው ለብቻቸው ለሦስት ቀን ተወያዩና የጋራ መልእክት አዘጋጁ። መልእክቱን ጉባኤው ፊት ያነበቡት ሁለት ልጃገረዶች ናቸው፤ አንዷ ከቦሊቪያ፣ አንዷ ከሞናኮ። ከሐሳባቸው አንዱ የነገ ብቻ አይደለንም፣ የዛሬም ነን የሚል ነበር። «የነገ አገር ተረካቢ» እየተባልን ላደግን ልጆች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ነገ ለተባለ ልጅ ማንም ዛሬ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ከጭብጨባው በኋላ

ይሁንና ጥሩ ንግግር ብቻውን ምን ያደርጋል? ንኮሲ ጆንሰንን አስታውሱት። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ይዞ የተወለደ ደቡብ አፍሪካዊ ልጅ ነው። በ1997 ትምህርት ቤት ሊያስገቡት ሲሞክሩ ክርክር ተነሣ፤ አገሪቱም በእሱ ምክንያት ተነጋገረች። በሐምሌ 2000 ደርባን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ ሲናገር 11 ዓመቱ ነበር። የጠየቀው ግልጽ ነገር ነው፤ መንግሥት ቫይረሱ ወደ ልጆቻቸው እንዳይተላለፍ ለነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒት ይስጥ። ሰኔ 1 ቀን 2001 አረፈ፤ 12 ዓመቱ ነበር። የጠየቀው ገና አልተፈጸመም ነበር።

የተፈጸመው በሐምሌ 2002 ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት መድኃኒቱ በተወሰኑ የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ እንዳይታጠር፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት እንዲሰጥ ወሰነ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያቆመው «ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን» የተባለው የዜጎች ንቅናቄ ነው። እዚህ ጋ ልብ እንበል። የልጁ ድምፅ ብዙ ልብ ነክቷል፣ ግን ብቻውን አላሸነፈም። ያሸነፈው ጥያቄውን ይዘው ጠበቃ የቀጠሩ፣ ሰልፍ የወጡ፣ መዝገብ የከፈቱ ሰዎች ስለነበሩ ነው። አምባሳደር አድርጎ መርጦ ማናገር ቀላል ነው፤ ከባዱ ጥያቄውን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው መከታተል ነው።

ከዚያ ወዲህ ወጣት አምባሳደሮች በዝተዋል። በ2013 ዩኒሴፍ ካናዳ ያደገችውን የኢትዮጵያውያን ልጅ ሐና ጎደፋን የኢትዮጵያ ብሔራዊ አምባሳደሩ ሲያደርጋት ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ እሷ ግን ከሹመቱ በፊት ለገጠር ተማሪዎች እርሳስ እያሰባሰበች ትልክ ነበር። በ2017 የተሾመችው ሶርያዊት ስደተኛ ሙዙን አልመለሃን ዮርዳኖስ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ከድንኳን ድንኳን እየዞረች፣ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከመዳር ይልቅ እንዲያስተምሩ ስትለምን የኖረች ናት። የሁለቱም ታሪክ ያስደስተናል። ሥራው ቀድሞ፣ ማዕረጉ ተከትሎ መጣ እንጂ ማዕረግ ሰጥተው ሥራ አልፈለጉላቸውም።

ማን መረጣቸው?

አሁን ወደ ሰኔ 9 እንመለስ። ቀኑ ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን ተነግሮናል? ሰኔ 16 ቀን 1976 (በእኛ ሰኔ 9 መሆኑ ነው) የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው አደባባይ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት አንዱ ሄክተር ፒተርሰን 12 ዓመቱ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በወሰነው መሠረት ዕለቱ ከ1991 ጀምሮ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሆኖ ይታሰባል። እነዚያን ልጆች አምባሳደር ብሎ የሾማቸው ድርጅት አልነበረም፤ ሰልፉን የመሩት በራሳቸው የተማሪ ኮሚቴ ነው። ቲሸርት አልታደላቸውም፣ መፈክራቸውንም አዋቂ አልጻፈላቸውም።

እና በእነሱ ቀን እኛ ሌላ ሰው የጻፈውን ስናነብ ኖርን።

አምባሳደርነት ይቅር አንልም። አንድ ቀን የእኛም ታናናሾች ይመረጡ ይሆናል። ያኔ ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ እንንገራቸው። የመረጠኝ ማነው፣ ጓደኞቼ ናቸው ወይስ ድምፄን የወደደ አዋቂ? የማነበውን የጻፈው ማነው? ከተናገርኩ በኋላ መልስ የሚሰጠኝ ማነው፣ በስንት ቀን ውስጥ?

ለሦስተኛው መልስ ከሌለ ወረቀቱን አጥፎ ኪስ ውስጥ መክተትና ስለዚያ የማይዘጋ በር መናገር ይቻላል። ጓደኛችን ዛሬ ብትመረጥ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ እኛም ከኋላዋ ቆመን መልሱን እንጠይቃለን።