ልብ የወለደው ታሪክ

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1908 ሮም ላይ ሲታተም፣ ዛሬ እንደምንጠራው «ጦቢያ» ሳይሆን «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ነበረው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በተማሪነቴ ዘመን ይህ ርእስ ግራ ያጋባኝ ነበር። ታሪክ የሆነው ነገር ነው፤ ልብ የሚወልደው ደግሞ ያልሆነው። ታዲያ ሁለቱ እንዴት በአንድ ስም ይጠራሉ?

በቅርብ ዓመታት ያነበብኳቸው ሦስት ሳይንሳዊና ምናባዊ ልብ ወለዶች ይህን የቆየ ጥያቄዬን ቀሰቀሱብኝ። ሦስቱም ስለ ሌላ ዓለም የሚያወጉ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው የተተከለው በታሪክ ቁስል ላይ ነው።

አፈወርቅ መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት በዚያው በ1908 ቤልጅግ ኮንጎን ከንጉሥዋ ከዳግማዊ ሊዮፖልድ እጅ ተረከበች። ከ1885 ጀምሮ ያ ሰፊ አገር የአንድ ሰው የግል ርስት ሆኖ ኖሮ ነበር። የታዘዘውን ያህል ጎማ ባልሰበሰበ መንደር ላይ ወታደር ይዘምታል፤ የሰው እጅ ይቆረጣል። ኒሲ ሻውል በ2016 ያሳተሙት «ኤቨርፌር» ይህን ታሪክ ይዞ ይነሣና መንገዱን ይለውጠዋል። የእንግሊዝ ሶሻሊስቶችና ጥቁር አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ተባብረው ከሊዮፖልድ መሬት ይገዛሉ፤ ከግፍ ለሚሸሹ ሁሉ መጠጊያ ይመሠርታሉ። በዚያ አገር ታንኳ በሰማይ ይቀዝፋል፤ እጃቸው ለተቆረጠውም ከናስ የተሠራ እጅ ይገጠምላቸዋል። ታሪክ የቆረጠውን ምናብ ቀጠለው ማለት ነው። ሆኖም መጽሐፉ በዚህ ረክቶ አያበቃም። መሬቱ ከመሸጡ በፊት የማን ነበር? የአገሩ ተወላጅ ንጉሥ ይህን ጥያቄ ሲያነሣ፣ በጎ አድራጊዎቹም እንደ ባለ ዕዳ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሁለተኛው በ2021 የወጣው የፒ. ጄሊ ክላርክ «የጂኒዎች ጌታ» ነው። ደራሲው በሙያቸው የታሪክ መምህር ናቸው። እንግሊዝ በ1882 ግብፅን እንደያዘች እናውቃለን። በክላርክ ልብ ወለድ ግን አንድ ጠቢብ የጂኒዎችን ዓለም ደጃፍ ከፍቶ፣ ጂኒዎቹ ከሕዝቡ ጋር ኖረው፣ እንግሊዝም ተባርራ፣ በ1912 ካይሮ ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፋጥማ የአስማት ነክ ወንጀሎች መርማሪ ናት። እኔን የያዘኝ ግን ወንጀሉ አይደለም። ነፃ በወጣችው ካይሮ የድኻው መንደር አልጠፋም፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ያለው ንቀትም አልተነቀለም። ዓድዋን በ1896 በደም ያገኘን እኛ «ድልማ በእጃችን ነው፤ የጂኒ ርዳታ ምን ያደርግልናል?» ብለን መጽሐፉን ልናልፈው እንችል ይሆናል። መጽሐፉ የሚጠይቀው ግን ከድል በኋላ ያለውን ነው።

ሦስተኛው የቻይናዊው የሊዩ ትሲሺን «የሦስቱ አካላት እንቆቅልሽ» ነው። በ1967፣ በባህል አብዮቱ ዘመን፣ አንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር መድረክ ላይ ቆሞ ይወገዛል። ከወንጀሎቹ አንዱ የአንስታይንን ንድፈ ሐሳብ ማስተማሩ ነው። የገዛ ሚስቱ ትመሰክርበታለች፤ ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ቀይ ዘቦች ደብድበው ይገድሉታል። ልጁ ዬ ዌንጂዬ ከሕዝቡ መካከል ቆማ ታያለች። ከዓመታት በኋላ ከከዋክብት መልእክት ሲመጣላትና መልስ እንዳትሰጥ ስትጠነቀቅ፣ እርሷ ግን ትመልሳለች፤ የሰው ልጅ ራሱን ማረም እንደማይችል በዓይኗ አይታለችና።

መጽሐፉ ቻይና ውስጥ በ2008 ሲታተም ይህ ትዕይንት የሳንሱርን ዓይን እንዳይስብ ወደ መካከል ተዛውሮ ነበር። ኬን ሊዩ በ2014 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ደራሲው መጀመሪያ ወዳሰቡት ወደ መግቢያው መለሱት። በ2015 የሁጎን ሽልማት ሲያገኝ፣ ለረጅም ልብ ወለድ በሚሰጠው ዘርፍ የመጀመሪያው የትርጉም ሥራ ሆነ።

ይህን ሳውቅ የእናቴ ታናሽ ወንድም ትዝ አለኝ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1978፣ ገና ተማሪ ሳለ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እናቴ የእሱን ነገር ከመጀመሪያው ተነሥታ አውርታልኝ አታውቅም። በቡና ላይ፣ በገበያውና በጎረቤት ሠርግ ወሬ መካከል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጋ ታልፋለች። እኛም ቤት ያ ትዕይንት የሚኖረው በመካከል ተደብቆ ነበር።

አንድ ቀን የመጽሐፉን መግቢያ በአማርኛ ተረኩላት። ስለ ከዋክብቱ አልጠየቀችኝም። «ልጅቷስ? ማን አጽናናት?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሲኒዋን አስቀምጣ፣ ወንድሟ ያን ቀን ጠዋት ምን ለብሶ እንደወጣ ትነግረኝ ጀመር።