ከፍታ ያስተማረው ሙያ

ለጉለሌው ዊንጌት ሰፈር ስሙን ያወረሰው በ1938 ዓ.ም. በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ያ ግቢ ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኗል። ለውጡ ከማዕረግ መውረድ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የአዲስ አበባ ጋራዥ ራሱ የዕውቀት ታሪክ አለው እላለሁ፤ ከሁሉም በላይ ይህን የሚያሳየው የአሮጌ መኪኖች የነዳጅ ሥርዓት ጥገና ነው።

መኪና ወደ ከተማዋ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጣሊያናዊ ጋራዦች በዙ፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላም እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖች በሙያው ቀጠሉ። ቀጥሎ ቮልስ ጎዳናውን ሞላው። የመጀመሪያው ፖርሽ 356 ስፖርት መኪና በ1948 እ.ኤ.አ. የተሠራው ከቮልስ ክፍሎች ተነሥቶ ስለሆነ፣ የቮልስን ካርቡሬተር (አየርንና ቤንዚንን የሚቀላቅለውን ክፍል) ፈትቶ የሚገጥም እጅ ለስፖርት መኪናው ባዕድ አይደለም። ችግሮቹም ይመሳሰላሉ፤ የቤንዚን ፓምፑ ስስ ጎማ ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ጠባቡ የነዳጅ ቀዳዳ በዝቃጭ ይደፈናል፤ መርፌው ሲበላ ካርቡሬተሩ ሞልቶ ይፈሳል። እዚህ ላይ ግን የአገሩ ከፍታ ይጨመራል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተለካ ቀዳዳ እዚህ ለአየሩ ከሚመጥነው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ስለዚህ አጽድቶ መልሶ መግጠም ብቻውን አይበቃም፤ ልኩን ለደጋው አየር እንደገና ማበጀት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ አየርና ነዳጅ ስለሚመጣጠኑበት መንገድ ማወቅን ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ከድህነት የመጣ ነው፤ አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው አሮጌውን አይጠግንም የሚል መከራከሪያ አለ። እጦት ጥገናውን ግድ እንዳደረገው አልክድም፤ ነገር ግን ጥገናው ለምን እንደ ሠመረ እጦት ብቻውን አያስረዳም። ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ካርቡሬተርም ቢሆን ከፍታውን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። አሮጌ መኪና አየር ይበክላል የሚለው ወቀሳ እውነት አለው፤ ሆኖም ጭሱን የሚቀንሰው ያው የተስተካከለ ካርቡሬተር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ውሳኔው ለከተማዋ አየር የሚበጅ ነው። ይሁንና ካርቡሬተር የሚያስተካክሉት መካኒኮች የሚያውቁት ነገር በጽሑፍ ካልተያዘ አብሯቸው ይጠፋል። እንደ ዊንጌት ያሉ የሙያ ኮሌጆች ከእነርሱ ሰብስበው ሊያስተምሩት ይገባል።