ብዕራቸውን ያስቀመጡት ደራሲዎች

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ሆሊውድ በሚባለው የፊልም መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻት ጂፒቲ የሚባል፣ ሲጠይቁት የሚጽፍ ማሽን ለሕዝብ ተለቀቀና፣ ሰዉ ደብዳቤ ሲያስጽፈው፣ ተረት ሲያስነግረው ሰነበተ፤ ያን ያዩ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራሲዎችም «ነገ የእኛን እንጀራ የሚበላው ይህ ነው» ብለው ሰጉ።

ደራሲዎቹ 11,500 አባላት ያሉት ማኅበር ነበራቸው። ከስቱዲዮዎቹ ጋር ውል የሚያድሱበት ጊዜ ደርሶ ነበርና ተቀምጠው ሲደራደሩ፣ ማሽን ስክሪፕት አይጻፍ፣ የእኛንም ጽሑፍ አያርም አሉ። ስጋታቸው እንዲህ ነው፦ ስቱዲዮው በማሽን አንድ ረቂቅ ያወጣና ደራሲውን ጠርቶ «ይህን አስተካክልልኝ» ይለዋል፤ የሌላውን ማስተካከል ደግሞ ከራስ አመንጭቶ ከመጻፍ ያነሰ ይከፈልበታል፤ ከዚያም ክፍያው ይቀንሳል፣ ስሙም ከፊልሙ ላይ ይደበዝዛል። ስቱዲዮዎቹም ጥያቄውን አልተቀበሉም፤ በምትኩ በዓመት አንድ ጊዜ ተገናኝተን ስለ ቴክኖሎጂው እንወያይ አሉ። ከዚያም ውሉ አበቃና፣ ሜይ 2 ቀን 2023 ደራሲዎቹ ብዕራቸውን አስቀምጠው አድማ መቱ።

ከዚያማ በየስቱዲዮው በር፣ መፈክራቸውን ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ መዞር ሆነ። ሜይና ጁን በዚያ አገር ጠዋት ጠዋት ደመና ነውና ቻሉት፤ ጁላይ ሲገባ ግን ሐሩሩ በረታ። በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ አጠገብ፣ በባርሃም መንገድ ዳር፣ ቅጠላቸው ጥቅጥቅ ያለ ዛፎች ነበሩና አድመኞቹ ከሥራቸው ይጠለሉ ነበር። አንድ ቀን ሲመጡ ዛፎቹ ተመልምለው፣ ቅርንጫፋቸው ራቁቱን ቀርቶ አገኟቸው። ስቱዲዮው በየዓመቱ የምናደርገው ነው አለ፤ ከተማው ሲያጣራ ግን ፈቃድ እንዳልተሰጠ ታወቀ፤ ከዚያም 250 ዶላር ተቀጣ። ጥላው ግን አልተመለሰም፤ ሰዎቹም መዞራቸውን አልተዉም።

በዚያው ወር፣ ጁላይ 14፣ 160,000 ያህል አባላት ያሉት የተዋንያን ማኅበር ተከተላቸው። ደራሲና ተዋናይ አብረው አድማ ሲመቱ ከ1960 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የተዋንያኑ ስጋት ደግሞ መልካቸውና ድምፃቸው አንዴ ተቀርጾ፣ ያለ እነርሱ ደጋግሞ እንዳይሠራበት ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ 148 ቀን አለፈና የደራሲዎቹ አድማ በስምምነት አበቃ። በስምምነቱ መሠረት ማሽን ያወጣው ጽሑፍ እንደ ደራሲ ሥራ አይቆጠርም፤ ስቱዲዮው ደራሲን በማሽን ጻፍ ብሎ አያስገድድም፤ ማሽን የጻፈውን ሲሰጠውም አስቀድሞ ይነግረዋል። ተዋንያኑም በ118ኛው ቀን አድማቸውን አበቁ፤ የአምሳያቸው አጠቃቀም ፈቃድና ክፍያ እንዲኖረው በውል አሰሩ።

ሕጉስ? ሕጉ ከኋላ መጣ። ሎስ አንጀለስ ያለችበት የካሊፎርኒያ ግዛት ገዥ ጋቪን ኒውሰም በሴፕቴምበር 2024 የተዋንያንን ዲጂታል አምሳያ የሚጠብቁ ሕጎች በተዋንያኑ ማኅበር ቅጥር ውስጥ ፈረሙ። በዚያው ወር ግን ግዙፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን ለደኅንነት ሲባል የሚቆጣጠረውን ሌላ ረቂቅ ሳይፈርሙ መለሱት። ልብ በሉ፤ ማኅበር የነበራቸው ሠራተኞች የጠየቁት ተጻፈ፤ ሰፊው ጉዳይ ግን አከራካሪ ሆኖ ቆየ። ውሉም ቢሆን ለሁሉም ሥራ አላመጣም፤ የፊልም ሥራው እንደ ድሮው አልሞላም። መብታቸው ግን በወረቀት ላይ ሰፍሯል።

እንግዲህ እኛም አገር የውጭ ድራማ በአማርኛ የሚያሰሙን፣ የሚተረጉሙልን፣ ዜና የሚጽፉልን፣ ማስታወቂያ የሚያነቡልን ልጆች አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በማኅበር የተደራጀ ሠራተኛ የኅብረት ስምምነት እንዲደራደር ይፈቅዳል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይረባም። ድምፃችሁን የምትሸጡ ልጆቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ድምፄን ማሽን ይማርበታል ወይ? ስንት ጊዜ ይሠራበታል? ለእኔስ ምን ይከፈለኛል? መልሱንም በቃል አትቀበሉ፤ በውሉ ላይ አስጽፉት፤ ብቻችሁን ካልሆነላችሁ ተደራጅታችሁ ጠይቁ።